ለአባላት የተነፋ ጥሩምባ

ደብረ ማርቆስ
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ወለተ ሐዋርያት፣

እንዴት ሰነበቱ? የመቅዲ ልጅስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ዶሮዎችዎም ደህና ናቸው። ደብዳቤዎን ሹፌሩ ይታያል ትናንት ሚኒባሱን እንኳ ሳያቆም በመስኮት ወርውሮልኝ አለፈ። «እኔ ሹፌር ነኝ እንጂ ፖስታ ቤት አይደለሁም» ማለት ጀምሯልና ባሕር ዳር ሲደርስ አንድ ሻይ ይጋብዙት።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። ቤትዎ እንደተዘጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቄ ከመሄዴ በፊት ገብቼ ለዶሮዎቹ እህል በትኜ እወጣለሁ። ጎረቤቶችዎ መቼ እንደሚመለሱ ይጠይቁኛል፤ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው ልጃቸው መቅዲ ዘንድ የሄዱት፣ ቶሎ ይመጣሉ እላለሁ። ያመነኝ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ሁሉም ታመው ነው የሄዱት ባይ ነው።

በማኅበሩ ስንት ሆናችኋል ላሉኝ፣ ዘጠኝ ነን። ሂዊ አግብታ ፍኖተ ሰላም ገባች። ዲያቆኑም ለትምህርቱ ወደ ደብረ ወርቅ ተመለሰ። እኔ፣ ጀማለዲንና ሚስቱ አስያ፣ ከዚያ የሚያውቋቸው ስድስቱ ነን።

አሁን ደስ ወደማይለው ልግባ። የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ ሲስተር ባለፈው ሰኞ አስጠርታኝ ነበር። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ባጅ ያላደረገ በጎ ፈቃደኛ በሽተኞች የተኙበት ዋርድ አይገባም። ባጅ የሚሰጠው ደግሞ ቢያንስ ሠላሳ አባላት አስመዝግቦ የተረኛ ፕሮግራም ላቀረበ ማኅበር ነው። «እንመጣለን ትሉናላችሁ፤ እኛም እናንተን ተማምነን እንቀመጣለን፤ ከዚያ ሰው ይጠፋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሠላሳ ሰው ካልሞላን «አልጋ ዳር» የሚባል ማኅበር አበቃለት። እንደማንኛውም ጠያቂ በመጠየቂያ ሰዓት ብርቱካን ይዘን ገብተን እንወጣለን ማለት ነው። ከገጠር ብቻውን መጥቶ የተኛ በሽተኛ ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የሚጠራለት፣ የላብራቶሪ ውጤት የሚያመጣለት፣ የሚያገላብጠው ሰው አያገኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ወረቀት አትሜ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በር፣ በመናኸሪያውም ልለጥፍ። ጀማለዲን ለነጋዴዎቹ እኔ እነግራለሁ ብሏል። የሠራነውን አናወራም እንደሚሉ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነሽ ሲሉኝ «ዘመድ ልጠይቅ» እያልኩ ነው ሆስፒታል የምገባው። የከተማው ሰው ዘመድሽ እንዴት በዛ ማለት ጀምሯል። ግን ስሙን ማንም ሰምቶት ወደማያውቅ ማኅበር ማን ይመጣል?

እግሩ ስለቆሰለው፣ ስለ አልጋ ሰባቱ ታረቀኝ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ይታያል ልወጣ ነው እያለ ያጣድፈኛል።

አክባሪዎ
ዘሪቱ


ባሕር ዳር
ግንቦት 7 ቀን 2017

ልጄ ዘሪቱ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስልክ አያነሡም ብለሽ ለመቅዲ ከሰሽኝ አሉ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትለጥፍልኝ ንብ የገባበት ነው የሚመስለኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ ቆሜ የተረፈኝ ጆሮ ይኸው ነው። ዓይኔ ግን ደህና ነው፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደልም አልጠፋኝም። ስለዚህ ጻፊልኝ፤ ፊደልሽን ግን ከፍ ከፍ አድርጊው።

ወረቀት አትለጥፊም። ከልብስ ማጠቢያው ወጥቼ በሽተኛ አጠገብ መቀመጥ ስጀምር ለማንም አልነገርኩም። አንቺ ራስሽ እንዴት መጣሽ? ወንድምሽ የተኛ ጊዜ አይተሽኝ አይደለም? ሌላውም እንደዚያው ይመጣል። የታመመ ሰው ጉዳይ በየአጥሩ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። ዛሬ ወረቀት ለጥፊ ይሉሻል፣ ነገ ደግሞ ፎቶ አምጪ ይሉሻል። ለሰው ከተነገረ ዋጋው የሚገኘው ከሰው ነው። እኔ ከሰው የምፈልገው የለም።

ዘጠኛችሁም ሁለት ሁለት ሰው አምጡ። ሃያ ሰባት ትሆናላችሁ። ሦስቱን እግዜር ያመጣቸዋል።

እኔ ትንሽ እቆያለሁ። ሕፃኗ ለምዳኛለች፤ መቅዲም ሥራ ገብታለችና የሚይዝላት ሰው የለም። ምግቡ ብቻ አልስማማኝ ብሏል፤ ዘይት ታበዛለች መሰለኝ። ቅባት ያለበት ነገር መብላት ትቻለሁ።

ሌላ ጊዜ ያልሽው ጊዜ መቼ ነው? ታረቀኝ እንዴት ሆነ? ስሄድ ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ ብዬው ነበር። ቀኑ እንዳለፈ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ብላለች በይልኝ።

ወለተ ሐዋርያት


ደብረ ማርቆስ
ግንቦት 18 ቀን 2017

ይድረስ ለእትዬ ወለተ ሐዋርያት፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? እባክዎ ጤናዎን ለይተው ይጻፉልኝ። ምግብ አልስማማኝ አለ ያሉትንም ሐኪም ይየው።

ለመልሱ ስለዘገየሁ ይቅርታ። መንገዱ ሦስት ቀን ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ የምጽፈው ጠፍቶኝ ሁለት ቀን ቆየሁ። የምጽፈው ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ለሰው ሁሉ አቤቱታ የምጽፍ ሴት ነኝ።

የምሥራቹን ላስቀድም። ሃምሳ ሁለት ሆነናል። ተሳስቼ አይደለም፣ አምስትና ሁለት ነው። ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ ቀበሌያቸው፣ ፊርማቸው ሁሉ ደብተሬ ላይ አለ። እንዴት እንደበዙ ግን አሁን አይጠይቁኝ። ባለፈው ኃሙስ ስለሆነው ነገር ከሌላ ሰው ቢሰሙ አይመኑ፤ ወይም ይመኑና አይቆጡ። እኔ ራሴ ሲረጋጋልኝ አንድ በአንድ እጽፋለሁ።

ዶሮዎቹ ኃሙስ ዕለት ከሰው ብዛት ደንግጠው እንቁላል አቁመው ነበር። አሁን ጀምረዋል።

አክባሪዎ
ዘሪቱ


ባሕር ዳር
ግንቦት 24 ቀን 2017

ዘሪቱ፣

ይታያል ደብዳቤሽን እንደወትሮው ለዘበኛው ትቶ አልሄደም። አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ አንኳኳ። በሩን ስከፍትለት አማተበና ደብዳቤውን ከእጁ ጣለው። ውኃ ከጠጣ በኋላ መሞቴን ነገረኝ።

አልቅሶልኛል መሰለኝ፤ ኋላ በሕይወት አለች ቢሉትም በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ነው የወጣው፤ አሁን ዓይኔን እያየ ማፈር ጀመረ። ከእሱ የሰማሁት ድንኳን መጣሉን፣ አቶ አወቀ እንደ እድር ዳኛነቱ ተነሥቶ መናገሩንና ከዚያ ነገሩ ሁሉ መገላበጡን ነው። ሌላውን ዘሪቱ ታውቃለች ብሎ ሸሸኝ።

ማን አለቀሰ? ማንስ ቀረ? ማን ምን አለ? ሳታሳምሪ ጻፊልኝ። አቤቱታ እንደምትጽፊው አታድርጊው።

ስለ ታረቀኝም ጻፊ።

ወለተ ሐዋርያት፣ በሕይወት ያለሁ


ደብረ ማርቆስ
ግንቦት 30 ቀን 2017

ይድረስ ለእትዬ ወለተ ሐዋርያት፣

ከእግርዎ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታውን አስቀድሜ የምጠይቀው ሲያነቡት ስለሚናደዱ ነው።

ሁለት ሁለት ሰው አምጡ ባሉት መሠረት መጀመሪያ ሞከርን። እኔ ብቻ አሥራ አንድ ሰው ለመንኩ። ማኅበሩ የማን ነው፣ የት ነው ያለው፣ ሰምተነው አናውቅም ይሉኛል። አንዷ እንዲያውም ሃይማኖት ልታስቀይሪኝ ነው ወይ አለችኝ። ዘጠኛችን በሳምንቱ ያመጣነው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የጀማለዲን አማች ነው። እርስዎ ወረቀት አትለጥፊ ብለውኛል። ጥሩምባ አታስነፊ ግን አላሉኝም። ይህ ማመካኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያሰብኩት ግን እንዲሁ ነበር።

የእድሩን ጥሩምባ ነፊ እንዳላማውን ያውቁታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የነፋው ለቀብር ነው። ለአቶ አወቀ ሳንነግር ተስማማን። መልእክቱን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሰጠሁት፦ አስታማሚ የሌላቸውን በሽተኞች ማገዝ የሚፈልግ ሁሉ ኃሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በእትዬ ወለተ ሐዋርያት ግቢ ይገኝ የሚል ነው። ሌላ ጊዜም የምንሰበሰበው እዚያው ስለሆነ ቦታው ይመቻል ብዬ ነው። ሰው ቤቱ ሳለ ይስማ ብሎ ኃሙስ ገና ጎህ ሳይቀድ ወጣ። ጨለማ ነውና ወረቀቱ አልታየው አለ። ጥሩምባውን ነፋና አፉ የለመደውን ጀመረ፦ «የእድር አባላት! እትዬ ወለተ ሐዋርያት ቤት! ከጠዋቱ አንድ ሰዓት!» የቀረውንም ተናግሬያለሁ ብሎ ይምላል። መናገሩን አልጠራጠርም። ግን በዚያ ሰዓት ጥሩምባና የታመመ ሰው ስም የሰማ ማን ነው የቀረውን ቆሞ የሚያዳምጥ? ሁሉም ነጠላውን ፍለጋ ገባ።

እኔ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስኩ። ድንኳኑ ተጥሏል። አግዳሚው ተደርድሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። እትዬ ወለተ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ጥሩምባውን ያስነፋሁት እኔ ነኝ፣ ግን ያንን ሳይ ጥሩምባውን ረሳሁት። ሌሊት መቅዲ ለእድሩ ደውላ መርዶውን አርድታለች፣ ለእኔ ደግሞ መንገር ፈርተው ነው ብዬ አመንኩ። በሩ ላይ ወደቅሁ። አስያ ናት ያነሣችኝ። ደረቴን እየደቃሁ ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

አቶ አወቀ ተነሥተው ስለ እርስዎ ባጭሩ ተናገሩ፤ ዝምተኛ ሴት ነበሩ አሉ። ከዚያ ከኋላ አንዲት የይጁቤ ሴት ተነሣች። ለገበያ መጥታ የአክስቷ ልጅ ቤት አድራ ነው። እርስዎ ባሏን አሥራ አንድ ቀን እያጠቡና እያገላበጡ እንዳስታመሙላት፣ ማን ነሽ ስትልዎ «ዘመድ ነኝ» እንዳሏት ተናገረች። አንድ ሽማግሌ ቀጠሉ፤ እሳቸው ሳይደርሱ የልጃቸውን ዓይን የከደኑት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ሰዓት ሙሉ። እያንዳንዱ ለእኔ ብቻ ያደረገችው ነው ብሎ ይዞት የቆየ ነበር። እርስ በርሳቸው እየተያዩ ይገረሙ ጀመር።

ነገሩን የገለጠው ጀማለዲን ነው። ነጋዴ ነውና ዕቃው የት ነው ማለት ልማዱ ነው፤ «አስከሬኑ መቼ ነው የሚመጣው? መርዶውን ማን አመጣው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ከአንዱ ሰማሁ ይላል፣ ያም ከጥሩምባው ይላል። እንዳላማው ተጠራ። ወረቀቴን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ተነሥቼ ተናዘዝኩ።

ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቅና ስድብ ተቀላቀለ። አቶ አወቀ ጥሩምባውን ከእንዳላማው ነጥቀው ለሦስት ወር አትነካትም አሉት። በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን መጣል ደግ አይደለም ብለው ድንኳኑን ያፈርሱ ጀመር። እኚያ ልጃቸው የሞተባቸው ሽማግሌ ግን አግዳሚውን አልለቅም አሉ። «ይህ ደብተር ለምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እኔን ጻፊ» አሉ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ።

ማን ቀረ ላሉኝ፣ ከሰፈሩ የቀረችው ጎረቤትዎ ዘመናይ ብቻ ናት። «ወንፊቴን ሳትመልስ አትሞትም» ብላ ከቤቷ አልወጣችም።

ትናንት ኢድ ነበር። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሦስቱም ዋርድ ተረኛ ነበረን፤ ጀማለዲንና አስያ ከልጆቻቸው ጋር ዋሉ።

ይቅር ይበሉኝ።
ዘሪቱ


ባሕር ዳር
ሰኔ 5 ቀን 2017

ዘሪቱ፣

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅሁ፤ መሳቅ ሰሞኑን ጎኔን ያመኛል እንጂ ብዙ እስቅ ነበር። በሁለተኛው ተናደድኩ። በሦስተኛው አፈርኩ።

በድንኳኑ አይደለም። ድንኳን ይጣላል ይነሣል። በጥሩምባውም አይደለም። የይጁቤዋን ሴት አስታውሳታለሁ። ባሏ ወንድ ልጅ ነበር፣ ኩሩ ነበር፤ ሳጥበው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ያንን ለማንም እንዳልናገር ለራሴ ቃል ገብቼ ነው ከአልጋው የተነሣሁት። አሁን በአግዳሚ ላይ ተወራ። የእኔ ደግነት ሲወራ የእሱ ውርደት አብሮ ተወራ። ይህ አልታየሽም? ስንት ዓመት ዝም ብዬ የያዝኩትን በአንድ ጠዋት አስበተንሽው። ለእግዚአብሔር ብዬ ያስቀመጥኩትን ዋጋ ሰው በምርቃት ከፈለኝ፤ ሌላ የምጠብቀው ቀረብኝ።

እንዲህ አድርጊ። የተመዘገቡትን ሁሉ ከቤት ቤት እየሄድሽ ወለተ ሐዋርያት አለች፣ ለሙት መታሰቢያ ብላችሁ የገባችሁ ካላችሁ ውጡ በያቸው። አቶ አወቀን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ወንፊቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ለዘመናይ መልሺላት።

ስለ ታረቀኝ ስጠይቅሽ ይህ አራተኛዬ ነው። ቆጥሬያለሁ።

ወለተ ሐዋርያት


ደብረ ማርቆስ
ሰኔ 13 ቀን 2017

ይድረስ ለእትዬ ወለተ ሐዋርያት፣

እንደምን ሰነበቱ? ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ። ወንፊቱን መለስኩ። አቶ አወቀን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ «በእድር ዘመኔ ሙት ይቅርታ ሲልክልኝ የመጀመሪያዬ ነው» ብለው ሳቁ። ከቤት ቤትም ሄድኩ። ሰባት ሰዎች ሰርዢን አሉኝ። አርባ አምስት ቀርተናል፤ ሠላሳው ሞልቷል።

አሁን የሳምንቱን ነገር ልንገርዎ። ቁጥሩ ሞላ ማለት ሥራው ቀና ማለት አልሆነም። አዲሶቹ ሲገቡ በሽተኛ ሳይሆን ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስላሉ፤ ተደርድረው ቁጭ ብለው በሽተኛውን እያዩ ይተክዛሉ። አንዱ ፖፖ አንሣ ሲባል ወጥቶ አልተመለሰም። ከሁሉ የከፋው ማክሰኞ ሆነ። ነገ ቀዶ ጥገና ስላለህ ምንም እንዳትቀምስ የተባለውን የገጠር ሰው አንዲት አዲስ አባል ጠዋት ገብታ፣ አሳዝኗት በሶ በጥብጣ አጠጣችው። እሱም ራበኝ ብሎ ጨልጦ ጠጣ። ቀዶ ጥገናው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ሲስተር ቢሮዋ ጠርታ፣ «ሠላሳ ሰው አምጡ አልኩ እንጂ ሠላሳ ጠያቂ አላልኩም። እስከ ሰኔ ሠላሳ አያቸዋለሁ። ማስታመም የማይችሉ ከሆነ ባጁ ይቀራል» አለችኝ። ላስተምራቸው ሞከርኩ። እርስዎን አይቼ የለመድኩት ነው እንጂ በአፌ ማስረዳቱ አልሆነልኝም።

አሁን ታረቀኝን።

ታረቀኝ ሞቷል። የፋሲካ ዕለት ነው። እንደልማዳችን እኛ ክርስቲያኖቹ ሁላችንም በየቤታችን ነበርን፤ በበዓል ዋርዱን የሚይዙልን ጀማለዲንና አስያ ናቸው። አስያ ልጇ ታሞባት ቀረች። ጀማለዲን ብቻውን ሦስት ዋርድ ያዘ። እናቶች ዋርድ ለአንዲት ሴት ደም ፍለጋ ሲሯሯጥ ቆይቶ ወደ ታረቀኝ ሲመጣ አንሶላው ፊቱ ላይ ተስቦ አገኘው። ጎኑ ያለው በሽተኛ እንደነገረው፣ ታረቀኝ ውኃ ውኃ ሲል ነበር። ጎረቤቱ መነሣት አይችልም። «ያቺ ሴትዮ መጥታለች?» ብሎም ጠይቋል። ወንድሙ በማግሥቱ መጥቶ ወሰደው።

በዚያ ሰዓት እኔ ቤቴ ዶሮ ወጥ እየበላሁ ነበር። ጀማለዲን ደግሞ ከዚያ ወዲህ አልጋ ሰባት አጠገብ አይሄድም።

ይህንን ነው የደበቅሁዎ። ጥሩምባውንም ያስነፋሁት ለባጁ ብዬ ብቻ አይደለም። እርስዎ ስለ ዋጋ ጽፈውልኛል። የይጁቤውን ሰው በተመለከተ ልክ ነዎት፤ አላሰብኩበትም፣ አጥፍቻለሁ። ስለ ዋጋው ግን አላውቅም። እኔ የማውቀው ሠላሳ ብንሆን ኖሮ አንድ ሰው ውኃ ይሰጠው እንደነበር ነው። ሠላሳ ያልሆንነው ደግሞ ማኅበሩን ደብቀን ስለያዝነው ነው። ተቆጥቼ አይደለም ይህን የምጽፈው ልል ነበር፤ አይ፣ ተቆጥቻለሁ። በእርስዎም በራሴም።

ይህን ካነበቡ በኋላ ባይጽፉልኝም አልቀየምም።

ዘሪቱ

መቅዲ ደግሞ ትናንት ደውላ ስለ እርስዎ ስጠይቃት «ደህና ናት» ብላ ወዲያው ወደ ሕፃኗ ወሬ ገባች። መቸኮሏ አላማረኝም።


ባሕር ዳር
ሰኔ 18 ቀን 2017

ልጄ ዘሪቱ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይታያል ዛሬ ተመልሶ መጥቷል፤ ይህን እስክጨርስ ቁጭ ብለህ ጠብቅ ብዬው ሳሎን ተቀምጧል።

ስለ ታረቀኝ ቀድሜ ጠርጥሬ ነበር። የዳነ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ደብዳቤ ትጽፊው ነበር። የጠየቅሁሽ አልሞተም እንድትይኝ ነው። ሁለት ቀን አለቀስኩ። ለጀማለዲን ከእኔ ይልቅ እሱ ደግ ነው በይው፤ እሱ ደም ፍለጋ ሲሮጥ ነበር፣ እኔ እመለሳለሁ ብዬ ያልተመለስኩት ነኝ።

የተቆጣሽው ልክ ነው። ዝም ያልኩት ለታማሚው ክብር ነው ስል ኖሬያለሁ። ግማሹ እንደዚያ ነው። ግማሹ ግን የእኔ ብቻ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው። አሥር ሰው ካወቀው የእኔ መሆኑ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ለሌላ ሰው ይህን አልነግርም፤ አንቺም ለማንም አታንብቢው።

እኔም ደብቄሻለሁ። ክርስትናው እውነት ነው፤ የቆየሁት ግን በክርስትናው አይደለም። የሐሞት ጠጠር ነው። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለ፤ የዚህ ወረፋ ሩቅ ስለሆነ ማርቆስ እንዲደረግልኝ ጻፈልኝ። ቀኑ ተይዟል፤ ሰኞ ሰኔ 23 እተኛለሁ። እሑድ በይታያል መኪና እመጣለሁ። መቅዲ ልከተልሽ ስትል ከለከልኳት። ሕፃን ይዞ ዋርድ አይገባም፣ ሕፃንም ያለ እናት አይቀመጥም። ሌላ ልጅ የለኝም። ስለዚህ አስታማሚ የለኝም።

አንቺ አትምጪብኝ። ታለቅሻለሽ፣ ብዙም ታወሪያለሽ። ጀማለዲንንም አትላኪ። ከአዲሶቹ ላኪልኝ፤ በየተራ፣ አንዱም እንዳይቀር። መጀመሪያ በሶ ያጠጣችዋን ላኪያት። ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ቀን ትምጣና እየራበኝ ስለምናት እምቢ ማለት ትማር። ፖፖ ጥሎ የወጣውንም ላኪው። እኔ አላፍርም፤ እሱም ማፈሩን ይተዋል። እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ትራስ የት እንደሚገባ፣ ሰው ሲታጠብ የት እንደሚታይና የት እንደማይታይ ተኝቼ እነግራቸዋለሁ። ሲስተርም እዚያው ታያቸዋለች። ከሰኞ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሰባት ቀን አለ፤ ይበቃል።

ነርሶቹ ማን ናችሁ ሲሏቸው «ዘመድ ነን» እንዳይሉ። «ከአልጋ ዳር ማኅበር ነን» ይበሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይበሉት፤ እኔ ካልሰማሁት አላሉትም ማለት ነው።

ስተኛ የሚሞላው የሆስፒታሉ ቅጽ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ። ስም፣ ወለተ ሐዋርያት ውበቱ፤ እትዬ የሚለውን አትጨምሪ። ዕድሜ፣ ስልሳ ስምንት። አድራሻ፣ እዚያው ማርቆስ። ሕመም፣ የሐሞት ጠጠር። አስታማሚ የሚለውን ቦታ ባዶ ተይው። የመጀመሪያው ተረኛ ሲመጣ እኔ ፊት ስሙን ይጻፍበት።

ወለተ ሐዋርያት